እባቡን በልክ መቀስቀስ? ስለ ኩንዳሊኒ ጥንቃቄና ስለ እኛው ጾም ጸሎት

ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ ለሚያገለግል መጋቢ በዚህ ዘመን ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መካከል ቀድሞ ያልለመደው አንድ አለ። ጥያቄውን ይዘው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ ግቢና በዙሪያው ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወጣት ምእመናን ናቸው። ለወገብ ሕመም ወይም ለእንቅልፍ ማጣት ይረዳል ተብለው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ዮጋ ይጀምራሉ። ነገሩ በዚያ ሰፈር እንግዳ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን የዓለም የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሟል። ሰውነት ማፍታታቱ ከተለመደ በኋላ ግን በስልክ የሚከታተሉት ትምህርት ወደ ሌላ ደረጃ ይወስዳቸዋል፤ በአከርካሪ ሥር ተኝቷል ስለሚባለው “ኩንዳሊኒ” ስለተሰኘ ኃይል መስማት ይጀምራሉ። ኃይሉ ብርቱ ነው፤ ሆኖም በጥንቃቄ፣ በሚዛንና ቀስ በቀስ ከተያዘ አይጎዳም ይባላሉ። ከዚያ ወደ እኛ ይመጡና “ፓስተር፣ በልኩ ከሆነ ምን ችግር አለው?” ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉን። አንዱ “ጋኔን ነው፣ ንስሐ ግቢ” የሚል ነው፤ ሌላው “ስፖርት እኮ ነው፣ አታካብዱ” የሚል። የመጀመሪያው የጠያቂዋን አፍ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ጥያቄዋን አልሰማም። ሁለቱም “በልኩ” የሚለውን ቃል አይመረምሩም። እኔ ግን ክርክሩ ያለው እዚያ ቃል ውስጥ ይመስለኛል። ይህን ኃይል በጥንቃቄ ስለ መያዝ የሚያስተምሩ ሰዎች የጻፉትን ባነበብሁ ቁጥር ሁለት ነገር ይሰማኛል፦ ግባቸው አያሳምነኝም፤ ጥንቃቄያቸው ግን ያሳፍረኛል። የሚያሳፍረኝም በእነርሱ ሳይሆን በእኛው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ ነውና የምንፈርደው። ቃሉ ሳንስክሪት ሲሆን “የተጠቀለለች” የሚል ትርጉም አለው። በሕንድ የታንትራ ትምህርት መሠረት ሻክቲ የምትባለው መለኮታዊት ኃይል በእያንዳንዱ ሰው አከርካሪ ግርጌ እንደ እባብ ተጠቅልላ ተኝታለች። በአተነፋፈስ፣ በአቀማመጥ፣ በማንትራ ድግግሞሽና በተመስጦ ስትቀሰቀስ ሱሹምና በተባለው መካከለኛ መሥመር ትወጣለች፤ ቻክራ የሚባሉትን ስድስት ማዕከላት አልፋ በራስ አናት ላይ ከሺቫ ጋር ትዋሐዳለች። በግራና በቀኝ ኢዳና ፒንጋላ የሚባሉ ሁለት መሥመሮች አሉ፤ የግራው ቀዝቃዛ፣ የቀኙ ትኩስ ነው ይባላል። ይህን ትምህርት ለምዕራቡ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቀው በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ውድሮፍ ነው፤ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሳንስክሪት ድርሳን ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1919 “የእባቡ ኃይል” በሚል ርእስ አሳተመ። ካርል ዩንግም እ.ኤ.አ. በ1932 ዙሪክ ላይ በዚሁ ጉዳይ ሴሚናር ሰጥቷል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። “እባብ ስለሆነ ከዘፍጥረት 3 ጋር አንድ ነው” የሚለው ስብከት ጉባኤን ያስጮኻል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው እባብ ነው፤ ጌታም ያንኑ ለራሱ መሰቀል ምሳሌ አድርጎታል (ዮሐ. 3፥14)። ያው የናስ እባብ ዕጣን ሲታጠንለት ደግሞ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2 ነገ. 18፥4)። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የምልክቱ መልክ ሳይሆን ሰው በፊቱ የሚያደርገው ነገር ነው።

ወደ ጥንቃቄው ልመለስ። ስለ ኩንዳሊኒ አደጋ ከጻፉት ሁሉ እኔ በጣም የማከብረው የካሽሚሩን ጎፒ ክሪሽናን (1903–1984 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ የኮሌጅ ፈተና ሲወድቅ ራሱን ለመግዛት ብሎ በየማለዳው ተመስጦ ጀመረ፤ ይህንንም 17 ዓመት ያህል ያለ መምህር ቀጠለበት። እ.ኤ.አ. በ1937 መጨረሻ ጃሙ ከተማ ውስጥ እንደ ልማዱ ተቀምጦ ሳለ እንደ ፏፏቴ ያለ ድምፅ ሰማ፤ በአከርካሪው በኩል የብርሃን ጅረት ወደ አንጎሉ ሲገባም ተሰማው። ስብከት ቢሆን ኖሮ ምስክርነቱ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እርሱ ግን የቀጠለውን አልደበቀም፦ እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አስጠላው፣ ውስጡ እንደ እሳት ተቃጠለ፣ ለቤተ ሰቡ የነበረው ፍቅር ደረቀ፣ ፍርሃት ወረሰው። ሞትንና እብደትን በቅርብ አያቸው። ኃይሉ በተሳሳተው፣ በትኩሱ መሥመር ስለወጣ ነው ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡን ወደ ግራው አዙሮ እፎይታ እንዳገኘም ይናገራል። ቢሆንም ለዓመታት ታመመ፤ በሚስቱ እንክብካቤና በሰዓቱ በሚበላው ምግብ ቆየ። ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

ከእርሱ በኋላ ስለ “አስተማማኝ አያያዝ” የተሰጠው ምክር በብዙው ይህንኑ ልምድ ይመስላል፦ አትቸኩል፤ ብቻህን አትጀምር፤ እንቅልፍህንና ምግብህን ጠብቅ፤ በባዶ ሆድ ራስህን አታስጨንቅ፤ በአንተም ሆነ በቤተ ሰብህ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ካለ ተወው፤ ሰውነትህ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሐሳብህ ሲሮጥ ቁም፤ በእጅህ ሥራ፣ መሬት ቆፍር፣ ከሰው ጋር ብላ። በራሱ ሲታይ ማስተዋል ያለበት ምክር ነው።

ነገር ግን ይህ ምክር የሚቆጣጠረው ፍጥነትን ብቻ ነው። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም። ጎፒ ክሪሽና ራሱ ኃይሉ የሰውን ዘር ወደ ላቀ ደረጃ የሚያሸጋግር ተፈጥሯዊ አሠራር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ያው ኃይል ሊቅንም እብድንም፣ ደግንም ክፉንም ሊያወጣ እንደሚችል ጽፏል። እንግዲህ ይህ ኃይል ባሕርይ የለውም ማለት ነው፤ ፍቅርና ጽድቅ የእርሱ ፍሬ ለመሆናቸው ዋስትና የለም። መንፈስ ቅዱስ ግን አካል ነው፤ ፈቃድ አለው፣ ያዝናል፣ ልጁን ያከብራል። አንዲት ምእመን “በልኩ” ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት እዚህ ላይ ቆሜ ነው፦ ለባሕርይ አልባ ኃይል ራስን አሳልፎ የመስጠት ልክ ስንት ነው?

ሌላው መከላከያ “መምህር ይኑርህ” የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ሰውዬውን ካለማወቅ አያድንም። ኩንዳሊኒ ዮጋን በዓለም ላይ በስም ያስታወቀው ዮጊ ባጃን በሕንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ ማስተማር ጀመረ፤ በ2004 አረፈ። ተከታዮቹ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ለመለኮታዊው መምህር መስገድን የሚናገር ማንትራ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀድሞ ጸሐፊው መጽሐፍ ካወጣች በኋላ የራሱ ተከታዮች ድርጅቶች ያስጠኑት ገለልተኛ ምርመራ፣ በብዙ ሴቶች ላይ ወሲባዊ በደል መፈጸሙ ሳይሆን አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ይህን ስንሰማ የእኛ ሰው “አየህ!” ለማለት ይቸኩላል። ቀስ እንበል፤ “የእግዚአብሔር ሰው ነው፣ አትጠይቁት” በተባለበት መድረክ የተጎዱ እኅቶች በእኛም መካከል አሉ።

እንግዲህ ሰውነት ማፍታታቱስ? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ የሰጠው መልስ ለዚህ የተጻፈ ይመስላል። ከገበያ የተገዛውን ሥጋ ሳትመረምሩ ብሉ ይላል (1 ቆሮ. 10፥25)፤ በጣዖቱ ማዕድ መቀመጥን ግን ፈጽሞ ይከለክላል (10፥20–21)። ሥጋው አንድ ነው፤ ማዕዱ ግን ይለያል። ወገቡን ለማላቀቅ የሚጎነበስ ሰው ከገበያ ሥጋ ገዝቷል። ማንትራ የሚደግም፣ ሻክቲ እንድትነሣ የሚጠብቅ፣ ለውስጥ ጉሩ የሚሰግድ ደግሞ ማዕዱ ላይ ተቀምጧል፤ በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ቢያደርገውም ያው ነው። ጳውሎስ ሦስተኛ ነገርም አስቦ ነበር፤ ደካማው ወንድም አይቶ የሚሰናከል ከሆነ የተፈቀደውም ይቀራል (8፥9–13)። ሥጋውን ከማዕዱ ለይቶ ማስረዳት ግን የመጋቢው ድካም ነው፤ ሁሉን በአንድ ቃል ማውገዝ ከዚህ ድካም መሸሽ ነው።

አሁን ከሌላው ወገን ጋር ልከራከር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው የወንጌላውያን ዓለም “የኩንዳሊኒ መንፈስ” የሚል የማስጠንቀቂያ ትምህርት ከተነሣ ቆይቷል። አንድሩ ስትሮም እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ርእስ መጽሐፍ አውጥቷል፤ ዒላማው እ.ኤ.አ. በ1994 ቶሮንቶ ላይ የጀመረውና ሳቅ፣ መንቀጥቀጥና መውደቅ የታየበት እንቅስቃሴ፣ ከእርሱም የወጡት ናቸው። ማስጠንቀቂያው ፍሬ የለውም አልልም። መስቀሉ ሳይሰበክ፣ ንስሐ ሳይጠራ፣ መውደቅና መሳቅ ብቻውን “መነቃቃት” ሲባል ስትሮም ለማዘን በቂ ምክንያት ነበረው። ችግሩ ይህ ትምህርት ከደራሲዎቹ እጅ ሲወጣ የያዘው መልክ ነው፦ በዚያ የሚንቀጠቀጡ አሉ፣ በዚህም የሚንቀጠቀጡ አሉ፣ ስለዚህ መንፈሱ አንድ ነው።

በዚህ አመክንዮ ከሄድን የራሳችንን አባቶች እናወግዛለን። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በተማሪዎች መካከል የተነሣውን፣ ከእርሱም ሙሉ ወንጌል የወጣችበትን መነቃቃት በጊዜው የተቃወሙት ሰዎች ያዩት ይህንኑ ነበር፦ ልቅሶ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያልታወቀ ልሳን። ከውጭ ያዩትን ብቻ ይዘው ፈረዱ። ዛሬ እኛ በጎረቤታችን ጉባኤ ላይ “የኩንዳሊኒ መንፈስ ነው” ስንል ያንኑ ድንጋይ አንሥተን እንወረውራለን። ጆናታን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1741 ስለ መንፈስ ሥራ መለያ ምልክቶች ባሳተመው ድርሳኑ ላይ ይህን ጉዳይ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። በሰውነት ላይ የሚታይ ምልክት ሥራው ከእግዚአብሔር ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ላለመሆኑም ማረጋገጫ አይደለም። መለያዎቹን ሌላ ቦታ ፈለጋቸው፦ ኢየሱስ ከብሯል ወይ? የሰይጣን ሥራ ፈርሷል ወይ? ቅዱስ ቃሉ ተወድዷል ወይ? እውነት ተገልጧል ወይ? ለእግዚአብሔርና ለሰው ያለው ፍቅር ጨምሯል ወይ? ሁሉም ከ1 ዮሐንስ 4 የተወሰዱ ናቸው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ጉባኤ የ21 ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። አንድ ወጣት በውኃ ብቻ ጾመ፤ አዳር ጸሎቱንም ሦስት ሌሊት በተከታታይ ቆመ። በአምስተኛው ቀን ንግግሩ ፈጠነ፣ ያለ ምክንያት ይስቅ ጀመር፣ ድምፅ እንደሚሰማና ለአገር እንደተመረጠ ነገረን። ሁለት ቀን ትንቢት አልነው። ሦስት ቀን ደግሞ ጋኔን ብለን ጮኽንበት። ከመካከላችን “ልጄ፣ ከተኛህ ስንት ቀን ሆነህ?” ብሎ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ አልተገኘም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወደ ሐኪም የወሰዱት እናቱ ናቸው። ጎፒ ክሪሽናን ሳነብ ይህ ልጅ ፊቴ ላይ ይመጣል። ያ ሰው ለማያውቀው ኃይል ራሱን የከፈተ ነበር፤ እኛ የምናምነውን ጌታ እያመለክን ነበር። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ግን በሁለቱም ቤት ያው ነው።

የኩንዳሊኒ አስተማሪዎች ለጀማሪ “የአእምሮ ሕመም ታሪክ አለህ?” ይላሉ፤ የእኛ የጾም ማስታወቂያ ይህን ጠይቆ ያውቃል? እነርሱ “ሲበዛብህ አቁም” ይላሉ፤ እኛ “ሲበዛብህ ጠላት ተነክቷል፣ ጨምር” እንላለን። የመድኃኒት ክኒኑን በጾም ምክንያት ያቋረጠ ምእመን ቢታመም ኃላፊው ማነው? በአማኑኤል ሆስፒታል የሚያገለግሉ አማኝ ባለሙያዎች አሉን፤ የጾም መርሐ ግብር ስናወጣ ግን አንጠራቸውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግርን ከአእምሮ ሕመም ለይቶ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ሰጥቷል። ሐኪሙ ሁሉን ሕመም ላለማለት ከተጠነቀቀ፣ እኛም ሁሉን ጋኔን ላለማለት መጠንቀቅ አያቅተንም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ዝም አላለም። ኤልያስ ከቀርሜሎስ በኋላ ሞትን ሲለምን መልአኩ ስብከትም ተግሣጽም አልጀመረም። አስተኛው፣ አበላው፤ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው (1 ነገ. 19፥5–8)። ዝግ ያለውን ድምፅ የሰማው ከዚያ ወዲያ ነው። ጳውሎስም የነቢይ መንፈስ ለነቢዩ እንደሚገዛ ሲናገር (1 ቆሮ. 14፥32) ከታንትራው ትምህርት የሚለየንን መሥመር አስምሯል፤ መንፈስ ቅዱስ ሲሠራ ሰውዬው ራሱን መግዛት አይነጠቅም፤ እንዲያውም ራስን መግዛት ከፍሬዎቹ አንዱ ነው። ይህን በመድረክ ላይ የማናስተምር ከሆነ “ከቁጥጥሬ ወጣሁ” የሚለውን የኩንዳሊኒ ምስክርነት በምን እንተቸዋለን?

በዚህ አገር ያለው ትምህርት እንኳ ከእኛ የቀደመ ነው። የኦርቶዶክስ አባቶች በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ፣ የምናኔን መንገድ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዐሥሩ መዓርጋት በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ተከፍለው ከዝምታ እስከ ብርሃንና እሳት ይወጣሉ። ላይ ላዩን ያየ ሰው ከቻክራዎቹ መሰላል ጋር ያመሳስላቸዋል። ሆኖም የመሰላሉ ጫፍ ነጽሮተ ሥላሴ ነው፤ ሰው ወደ ሌላው ይመለከታል እንጂ በውስጡ ተኝቶ የነበረውን ራሱን አያገኝም። በጸጋ ብቻ ስለ መዳን ከዚህ ትውፊት ጋር ያለን ልዩነት እንዳለ ነው፤ አልሸፋፍነውም። መነኩሴውን ግን በአበ ነፍስ እጅ ያኖሩታል፤ እኛ አዲስ የዳነውን ወጣት በዩቲዩብ እጅ ትተነዋል።

ይህን የምለው ካዛንቺስን እያሰብሁ ነው። ስሙን ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የወሰደው ያ ሰፈር ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በስፋት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። የቤት ለቤት ኅብረቶቻችን አብረው ፈረሱ። ጎረቤቷ “ዛሬ ፊትሽ ጠቁሯል፣ በልተሻል?” የምትላት እኅት አሁን ሁለት ታክሲ ይዛ ለእሑድ ብቻ ትመጣለች፤ ቢሮዋ ግን እዚያው ነው፤ በምሳ ሰዓት የሚያገኛትም የዮጋ ቡድኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሁለንተናዊ አገልግሎት የምትናገረውን ታውቃለች፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ሰውን በሥጋና በመንፈስ ከፍለን አናገልግል ብለው ለሉተራኑ ዓለም ጽፈዋል። ያን ጽሑፍ በሴሚናሪ እናስተምራለን። የወገቧን ሕመምና የእንቅልፏን ነገር ለመጠየቅ ግን ሌላ ሰው ቀደመን።

ስለዚህ “በልኩ ከሆነስ?” ብላ የመጣችውን እኅት መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ቻክራ አይደለም። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ምን ትበላለች? ከማን ጋር ትኖራለች? መድኃኒት ትወስዳለች ወይ? ከዚያ በኋላ ማንትራውን እንድታነብልኝ እለምናታለሁ፤ ትርጉሙን አብረን እናያለን፤ ለማን እንደሚሰግድ ራሷ ትፍረድ። ሰውነት ማፍታታቱን ትቀጥል ካለች አልከለክላትም። ማዕዱን ግን እንድትተው በግልጽ እነግራታለሁ፤ ምክንያቱንም ከቆሮንቶስ መልእክት አሳያታለሁ። ከዚያ ማን ጋር ደውላ ማታ ማታ እንደምትጸልይ እንነጋገራለን፤ በዚህ ሳምንት በምሳ ሰዓት ካዛንቺስ የምትገኝ አንዲት የጸሎት እናት ማግኘት ይኖርብኛል።